አርባ ሬይስ

አሥራ ሁለት ዓመት ከመዝገብ ቤት ደጃፍ፣
ወንበሬ ላይ ሆኜ፣ ቁልፉ በቀበቶዬ ጫፍ፣
የገባውን ሁሉ በእርሳስ ስጭር ኖርኩ፤
በዓመት ዘጠኝ ሰው ነው፣ ደግሜ ብቆጥርም ከዘጠኝ አላለፍኩ።
ከዘጠኙም ሁለቱ፣ በሩን ገፍተው ሲያዩኝ፣
«ወንድሜ፣ ሽንት ቤት?» ብለው ነው የጠየቁኝ።

ሌላው ጎብኚያችን ባሕሩ ነበረ፤
በዚህ በፖርቱጋል ደቡብ ጥግ ነፋስ ሲያጓራ፣ ጣሪያው ስለተሸነቆረ፣
ጨው ያዘለ ካፊያ ሳያንኳኳ ገብቶ፣
የሙታንን ስም ይልስ ነበር፣ መደርደሪያው ላይ ተኝቶ።

አለቃዬ ሉዶቪና፣ መነጽሯን በመረብ ክር ያሰረች፣
ለማዘጋጃ ቤቱ ሦስት ደብዳቤ ጻፈች።
አንዱ ጠፋ።
አንዱ ሳይከፈት ተመለሰ።
ሦስተኛው መልስ አገኘ፦ «በጀቱ ለሳርዲን በዓል ርችት ፈሰሰ፤
ወረቀት ይታገሣል።»
አነበበችው፤ አጠፈችው፤
ቁጥር ሰጥታ ከማኅደሩ ተራ አስገባችው።

ቅዳሜ ጧት ነው። «ናዛሪዩ፣ ካፖርትህን ደርብ» አለችኝ፣
ከበር ወጥቶ የማያውቅ መዝገብ በብርድ ልብስ ጠቅልላ አሸከመችኝ።
ወረድን ወደ ዓሣ ተራ።
በቅርፊትና በበረዶ መሐል እንደ አስከሬን ተሸካሚ ቆሜ፣
«ምን ትሸጣላችሁ?» ሲሉን፣ ጫማዬን አየሁ ደጋግሜ።
«የራሳችሁን ነው» አለች እሷ። «ልመልስላችሁ ነው የመጣሁት።»

ሣጥን ላይ ወጣች። ድምጿ ቀጭን ነው፤ ማንም ልብ አላለ።
የድሮው የሳርዲን ፋብሪካ መዝገብ ነው፣ ስም ከነቅጣቱ ያዘለ፣
አሥራ ዘጠኝ መቶ ስምንት፦
«ማፋልዳ፣ በሥራ ሰዓት ስለ ሳቀች፣ አሥር ሬይስ።
ቤኔዲታ፣ መቀስ ስለ ሰበረች፣ ሃያ።
ፔርፔቱዋ ዱ ካርሙ፣ ሕፃን ልታጠባ ስለ ወጣች፣ አርባ ሬይስ።»

አንድ ቢላዋ ቆመ።

ኢዳሊና ናት። በገበያው ምላሷን የማይፈራ የለም፤
ለጨረታ ስትጣራ ጀልባ ላይ ያለ ሰው አይተኛም።
እጇን በሽርጧ ጠረገች። እንደገና ጠረገች።
«ድገሚው» አለች።
ደገመችው።
«የአያቴ እናት ናት። ሕፃኑም አያቴ ነው።
አርባ ሬይስ የስንት ሰዓት ሥራ ነው?»
ሉዶቪና ገጽ ገለጠች። «ግማሽ ቀን።»
«ለአንድ ጡት ወተት ግማሽ ቀን!»
ይህን ያለችው በጨረታ ድምጿ ነው።

ከዚያ ወዲያ «የእኔስ? የእኛስ?» ሆነ፤
ሉዶቪና ግን ያልታጠበ እጅ አታስነካምና፣
ቧንቧው ጋ ሰልፍ ተሠራ፣ ሎሚ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፣
ጎረምሳው፣ ሽማግሌው፣ እንደ ተማሪ መዳፉን እያሳየ አደረ
ማለት ይቻላል፤ ፀሐይ እስክትጠልቅ ማንም ወደ ቤቱ አልዞረ።

በማግስቱ ሳምንት ከምክር ቤቱ ስብሰባ ኢዳሊና ገባች፣
ከነሽርጧ፣ ከነቦቲዋ፣ ወንበር ቢሰጧት እምቢ አለች።
«ዓሣ ግማቱ ካናቱ፤
መዝገብም ከጣሪያው፤
ከተማም...»
አላት ብላ ከንቲባውን ትኩር ብላ አየችና፣ ዝም።
የቀረውን እሱ ይጨርሰው፤ እሷ አልጨረሰችም።

«እናጠናዋለን» አሉ። አሁንም እያጠኑት ነው።
ማክሰኞ ዕለት ግን ዘፈሪኑ ያረጀ የጀልባ ሸራውን ይዞ መጣ፣
ልጆቹ ገመድ አምጥተው፣ አንዱ በአንዱ ትከሻ ላይ ወጣ።
ዛሬ ነፋስ ሲነሣ ሸራው ይነፋል፣
መዝገብ ቤታችን መልሕቅ የፈታ ይመስላል።

ባለፈው ወር አርባ አንድ ሰው ገባ፤ እርሳሴ አለቀ።
(ሽንት ቤት ጠያቂው ያው ሁለት ነው።)

አንድ ምሽት፣ ሰው ሲሄድ፣ እኔም እጄን ታጠብኩ፤
«የእናቴ እናት፣ ዤኖቬቫ፣ ጨው ክፍል ነበረች» ብዬ ጠየቅሁ።
ሉዶቪና መዝገቡን አወጣች፣ በቀስታ ገለጠችልኝ፤
ገጹ እንደ ሽሮ ሊጥ ተጣብቋል፤ ቀለሙ ሰማያዊ ጉም ሆኗል።
አንዲት «ዤ» ብቻ፣ ምናልባት «ዤ»፣ ከዳር ቀርታለች።
ሸራው በአንድ ክረምት ዘግይቶ ነው የመጣው።

መብራቱን አጠፋሁ። ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዞርኩ።